ቤዝቦልን ከቤት ሆኖ ለመከታተል የትኛው መንገድ ይሻላል? ለዋሽንግተን አካባቢ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋሉ። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ ጨዋታ የሌለበት ቀን ጥቂት ነው። እግር ኳስ እየተከታተለ ላደገ ሰው ይህ ብዛት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ቤዝቦል ግን እንደ ቡና ነው፤ የዛሬው ቢያመልጥ የነገው አለ፣ ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ ደግሞ ልማዱ ራሱ ይጠፋል። እነዚህን የዕለት ተዕለት ጨዋታዎች በአብዛኛው የሚያስተላልፉት የየአካባቢው የስፖርት ቻናሎች ናቸው። ቻናሉ በገዙት ጥቅል ውስጥ ከሌለ ስታዲየሙ ከቤትዎ በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ቢሆንም ቡድንዎን በቴሌቪዥን የሚያዩት አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ በቅድሚያ የታሰበው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ወይም በሰፈር ቡድን ቤዝቦል ጀምረው በየማታው ጨዋታ ክፈቱልን ለሚሏቸው ቤተሰቦች ነው። በሲያትል፣ በሚኒሶታ፣ በዳላስና በላስ ቬጋስ ያሉ አንባቢዎችም የራሳቸውን ሁኔታ ያገኙበታል። እዚህ የሚጠቀሱት ዋጋዎች በአብዛኛው የ2025 የውድድር ዘመን ናቸው።

ከዋጋ በፊት ዚፕ ኮድ

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው "ስንት ነው?" ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን "ቤቴ የየትኛው ቡድን ክልል ነው?" የሚለው ጥያቄ ነው። ሊጉ አገሩን በካርታ ለቡድኖቹ አከፋፍሏል፤ በአንድ ቡድን ክልል ውስጥ የሚኖር ተመልካች የዚያን ቡድን ጨዋታ በቀጥታ ሊያይ የሚችለው በአብዛኛው የስርጭት መብቱን በያዘው የአካባቢ ቻናል በኩል ነው። ኤምኤልቢ ቲቪ የተባለው የሊጉ የኢንተርኔት ጥቅል በ2025 ለሙሉ የውድድር ዘመን 149.99 ዶላር ያስከፍል ነበር። በዚህ ክፍያ ከክልልዎ ውጭ ያሉ ቡድኖች የሚያደርጓቸውን ጨዋታዎች ማየት ይቻላል። የራስዎን ቡድን ጨዋታ ሲከፍቱ ግን ጨዋታው በአካባቢዎ እንደማይታይ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይመጣል። ደጋፊዎች ብላክአውት የሚሉት እገዳ ይህ ነው።

ካርታው አንዳንድ ቦታዎችን ለብዙ ቡድኖች ይሰጣል። አዮዋ አንድም የሜጀር ሊግ ቡድን የሌላት ግዛት ናት፤ ሆኖም የካብስ፣ የዋይት ሶክስ፣ የካርዲናልስ፣ የሮያልስ፣ የብሩወርስና የትዊንስ ክልል ተብላ ስለተመደበች ስድስቱም እዚያ በእገዳው ሥር የቆዩ ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ላስ ቬጋስም እንዲሁ የዶጀርስ፣ የኤንጀልስ፣ የፓድሬስ፣ የጃያንትስ፣ የአትሌቲክስና የዳይመንድባክስ ጨዋታዎች ሲታገዱ ኖረዋል። ለአንድ የላስ ቬጋስ ቤተሰብ የሊጉን ጥቅል መግዛት ማለት በቅርብ ያሉትን ስድስት ቡድኖች ትቶ በሩቅ ያሉትን መመልከት ማለት ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚታገዱት ሁለት ቡድኖች፣ ናሽናልስና ባልቲሞር ኦሪዮልስ ናቸው፤ ምክንያቱም የቆየ ታሪክ አለው። በ2005 የሞንትሪያል ቡድን ወደ ዋሽንግተን መጥቶ ናሽናልስ ሲባል አካባቢው ቀድሞውኑ የኦሪዮልስ ክልል ነበር። የኦሪዮልስ ባለቤት የነበሩት ፒተር አንጀሎስ ሌላ ቡድን አጠገባቸው መምጣቱን ተቃወሙ፤ ሊጉም በማካካሻ መልክ ማስን የተባለውን ቻናል አብላጫ ድርሻ ለእርሳቸው ቡድን ሰጠ። ስለዚህ የናሽናልስ ጨዋታ በጎረቤት ተፎካካሪው ቻናል ሲተላለፍ ኖረ፤ ናሽናልስ ለመብቱ ስንት ይከፈለው በሚለው ጉዳይም ሁለቱ ቡድኖች ከአሥር ዓመት በላይ በግልግልና በፍርድ ቤት ተካሰሱ። ሙግቱ የተዘጋው ማርች 2025 ላይ ሲሆን፣ በስምምነቱ መሠረት ናሽናልስ ከ2025 የውድድር ዘመን በኋላ ከማስን የመውጣት ነፃነት አገኘ። ለተመልካቹ ይህ ማለት "ማስን ካለኝ ሁለቱንም አያለሁ" የሚለውን የሃያ ዓመት ልማድ ማመን አይቻልም ማለት ነው። ከመክፈልዎ በፊት የትኛው ቡድን በየትኛው አገልግሎት እንደሚተላለፍ በየዓመቱ እንደ አዲስ ማጣራት ያስፈልጋል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። በሊጉ ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድ የሚያስገቡበት ሣጥን አለ፤ የሲልቨር ስፕሪንግን 20910 ያስገባ ሰው የሚታገዱበትን ቡድኖች ወዲያው ያያል። ልጅዎ የሚደግፈው ከእነዚህ አንዱን ከሆነ የሚከተለውን ንጽጽር ሙሉውን ያንብቡት። አባቱ ቦስተን ስለኖረ ሬድ ሶክስን የሚደግፍ ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ አጭር ነው፤ የሊጉ ጥቅል ይበቃዎታል። ሬድ ሶክስ የሚታገደው ከኦሪዮልስ ወይም ከናሽናልስ ጋር በሚጫወትባቸውና ጨዋታው ለአገር አቀፍ አስተላላፊ ብቻ በተሰጠባቸው ቀናት ነው።

መንገዶቹ ሲነጻጸሩ

የቆየው መንገድ ኬብል ወይም ሳተላይት ነው። ጥቅሙ ጨዋታው፣ ዜናውና የልጆች ፕሮግራሙ ሁሉ በአንድ ሪሞት መገኘቱ ነው፤ ጉዳቱ ዋጋው ነው። ለዓመታት ወደ ቤቴ ይመጣ የነበረው የአንድ ኬብል ኩባንያ ሒሳብ ከታክሱ በላይ "የአካባቢ ስፖርት ክፍያ" የሚል ለብቻው የተጻፈ መስመር ነበረው። ያው መስመር ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት፣ ማታ ማታ ዜና ብቻ የሚመለከቱት አዛውንት ሒሳብ ላይም ነበር። የቤዝቦል ቡድኖች ሀብት ለሠላሳ ዓመታት ያህል የቆመው እንዲህ ባለው ክፍያ ላይ ነው፤ ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ ሰው ሳይቀር በየወሩ ያዋጣ ነበር። ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ የአሜሪካ ቤቶች ኬብል ወይም ሳተላይት በነበራቸው ዘመን ይህ አሠራር ለቡድኖቹ እጅግ ተስማሚ ነበር። ሰው ኬብሉን እያቋረጠ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ግን የማያዩት ሰዎች መዋጮ ቀረ፤ ቻናሎቹ የሚያዩትን ብቻ ይዘው ያንኑ ውል መክፈል አቃታቸው።

ኬብል ሲመርጡ ሌላም የሚጠነቀቁት ነገር አለ። ቻናሉ ዛሬ በጥቅልዎ ውስጥ መኖሩ ነገ ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። ሜይ 1 ቀን 2024፣ የውድድር ዘመኑ ገና አንድ ወር እንዳለፈው፣ የኬብል ኩባንያው ኮምካስትና የብዙ ቡድኖችን የአካባቢ ቻናሎች የያዘው ዳይመንድ ስፖርትስ ግሩፕ በዋጋ ስላልተስማሙ የአሥራ ሁለት ያህል ቡድኖች ቻናሎች ከኮምካስት ደንበኞች ቴሌቪዥን ጠፉ፤ የተመለሱት ኦገስት 1 ነው። በሲያትል ደግሞ በ2023 የማሪነርስን ጨዋታ ያስተላልፍ የነበረው ቻናል ውድ ወደሆነው የኮምካስት ጥቅል ተዛወረ፤ ቀድሞ በተራው ጥቅል ያይ የነበረ ሰው ወይ መጨመር ወይ መተው ነበረበት።

ሁለተኛው፣ እንደ ዩቱብ ቲቪ ያለው የቀጥታ ቻናሎች ጥቅል በኢንተርኔት የሚመጣ ኬብል ነው ማለት ይቻላል። ውል አያስፈርምም፣ በማንኛውም ወር ማቋረጥ ይቻላል። ሆኖም ዩቱብ ቲቪ በ2017 በ35 ዶላር ጀምሮ በጃንዋሪ 2025 ወርሃዊ ዋጋው 82.99 ደርሷል፤ ስለዚህ "ከኬብል ይረክሳል" የሚለው አስተያየት ያረጀ ነው። ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የአካባቢ ስፖርት ቻናሎችን ቀድመው የሚጥሉት እነዚህ አገልግሎቶች መሆናቸው ነው። በ2020 ዩቱብ ቲቪና ሁሉ (Hulu) የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት፣ ሲንክሌር በተባለው ኩባንያ ሥር የነበሩትን የአካባቢ ስፖርት ቻናሎች በሙሉ አስወጡ። ለቤዝቦል ብለው ከሚገዙት የመጀመሪያው ሥራዎ የቻናሎቹን ዝርዝር በዚፕ ኮድዎ ከፍቶ የቡድንዎን ቻናል ስም በዓይን ማየት ነው። የሻጭ ቃል በዚህ ረገድ አይበቃም።

ሦስተኛው መንገድ አዲሱ ነው፤ ያለ ኬብል የቡድኑን ስርጭት ብቻ በቀጥታ መግዛት። ይህን የጀመረው የቦስተኑ ኔስን ሲሆን፣ ጁን 2022 ላይ በወር 29.99 ዶላር አቀረበ። የኒውዮርክ ያንኪስን የሚያስተላልፈው የስ በ2023 በ24.99 ዶላር ተከተለ። በ2025 ሊጉ ራሱ የሚያስተላልፍላቸው አምስት ቡድኖች፣ ማለትም ፓድሬስ፣ ዳይመንድባክስ፣ ሮኪስ፣ ጋርዲያንስና ትዊንስ፣ በወር 19.99 ወይም ለዘመኑ 99.99 ዶላር ነበሩ። በእኛም አካባቢ ማስን በዚያው ዓመት በወር 20 ዶላር ገደማ የሚሸጥ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀምሯል።

ስሌቱን አንድ ጊዜ እንሥራው። በወር 20 ዶላር ለስድስት ወር 120 ዶላር ይሆናል፤ ለ162 ጨዋታ ሲካፈል አንዱ ጨዋታ ከአንድ ዶላር በታች ይወድቃል። በወር 83 ዶላር የሚከፈልበት ጥቅል በዚያው ስድስት ወር 500 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ኬብሉን በሌላ ምክንያት የማይፈልግ ቤተሰብ ይህን ልዩነት አይቶ ብዙ ማመንታት ያለበት አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ በዚህ ክፍያም ቢሆን 162ቱም ጨዋታዎች አይገኙም። ጥቂቶቹ በየዓመቱ ለአገር አቀፍ አስተላላፊዎች ብቻ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ከ2022 ጀምሮ አንዳንድ የዓርብ ማታ ጨዋታዎች በአፕል ብቻ ይታያሉ።

አራተኛው የሊጉ ጥቅል ነው። ለአካባቢው ቡድን አይሆንም ብያለሁ፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው አንድ ቀዳዳ አለው። እገዳው የሚጸናው በቀጥታ ስርጭቱ ላይ ነው፤ ጨዋታው ካበቃ ከ90 ደቂቃ ያህል በኋላ እገዳው ተነሥቶ ሙሉ ጨዋታው ይከፈታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር በ7 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ፣ በ2023 የመወርወሪያ ሰዓት ገደብ ከወጣ ወዲህ በአማካይ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የሚከፈተው ከ11 ሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት አልፎ ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ላለው ልጅ ይህ ምንም አይጠቅመውም። ከሆስፒታል ተረኝነት ወይም ከታክሲ ሥራ እኩለ ሌሊት ላይ ለሚገባ አባት ግን ከቀጥታ ስርጭቱ የተሻለ ነው፤ ውጤቱን በስልኩ ላይ ቀድሞ ካላየ በስተቀር። በተጨማሪም ቲሞባይል በየዓመቱ በውድድሩ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ጥቅል ለደንበኞቹ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ስልክዎ የእርሱ ከሆነ ሳይከፍሉ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

በነገራችን ላይ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የሊጉ ጥቅል በአብዛኛው የአካባቢ እገዳ የለበትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለ ወንድምዎ እርስዎ በስታዲየሙ አጠገብ ሆነው የተከለከሉትን የናሽናልስ ጨዋታ በቀጥታ ሊያይ ይችላል። የሚከፍለው ዋጋ እንቅልፉን ነው፤ የዋሽንግተን የምሽት 1 ሰዓት ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራል።

ሬዲዮና አንቴና የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ስለ አንቴና ብዙ የሚባል የለም። አንድ ጊዜ ተገዝቶ በመስኮት ላይ የሚለጠፍ አንቴና ፎክስን በነፃ ይስባል፤ የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ የሆነው ወርልድ ሲሪስም እስከ 2028 ድረስ በፎክስ ነው። ሬዲዮው ግን ከሚገባው በታች ተገምቷል። የሊጉ የድምፅ አገልግሎት በዓመት 30 ዶላር ገደማ ሲሆን በመደበኛው ዘመን የአካባቢ እገዳ የለበትም፤ የዋሽንግተን ጨዋታዎች በኤፍኤም 106.7 ደግሞ በነፃ ይሰማሉ።

ቡድኖቹስ ምን አተረፉ፣ ምን አጡ?

ይህ ክፍል ለገዢው የማያስፈልግ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ቡድንዎ የተያያዘበት የቻናል አሠራር፣ የሚከፍሉት ገንዘብ እስከ ዘመኑ ፍጻሜ ያገለግልዎት እንደሆነ ይነግርዎታል።

ትልቅ ውል ገንዘብ ያመጣል፤ ተመልካች ግን ሊያሳጣ ይችላል። ዶጀርስ ከታይም ዋርነር ኬብል ጋር ያደረገው የ25 ዓመት ውል 8.35 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ በአማካይ በዓመት 334 ሚሊዮን። ቻናሉ በ2014 ሲከፈት የተጠየቀውን ዋጋ ሌሎቹ የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች አንከፍልም ስላሉ ከሎስ አንጀለስ አካባቢ ቤቶች 70 በመቶ ያህሉ ጨዋታውን ማየት አልቻሉም። ዳይሬክትቲቪ ቻናሉን የያዘው በ2020 ነው። ቪን ስከሊ የዶጀርስን ጨዋታ ለ67 የውድድር ዘመናት ካስተላለፉ በኋላ በ2016 ሲሰናበቱ፣ በድምፃቸው ያደገው የከተማው ሕዝብ አብዛኛው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አላያቸውም፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ጨዋታዎች ብቻ በነፃ ጣቢያ ተለቀቁ። ዶጀርስ ሀብታም ሆኖ ቀጠለ፤ በዚያ መካከል ያደጉ ልጆች ግን ቡድናቸውን በማስታወሻ ቪዲዮ ያወቁ ናቸው።

ሂዩስተን ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል፤ ገንዘቡም ተመልካቹም ነው የጠፋው። አስትሮስ ከከተማው የቅርጫት ኳስ ቡድንና ከኮምካስት ጋር የመሠረተው ቻናል በ2012 ሲጀምር የደረሰው 40 በመቶ ለሚሆኑት የአካባቢው ቤቶች ብቻ ነበር። በ2013 አስትሮስ 111 ጨዋታ ተሸነፈ፤ ሴፕቴምበር 22 ቀን ያደረገው ጨዋታ በኒልሰን የተመልካች ልኬት 0.0 አስመዘገበ። ለናሙና ከተመረጡት የሂዩስተን ቤቶች ጨዋታውን የከፈተ አልተገኘም ማለት ነው። ቻናሉም በዚያው ዓመት የኪሳራ ክስ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ መናጋት የዳይመንድ ስፖርትስ ግሩፕ ነው። ሲንክሌር በ2019 ከዲዝኒ 21 የአካባቢ ስፖርት ቻናሎችን በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ አብዛኛው በብድር ነበር። በማርች 2023 ቻናሎቹን የያዘው ዳይመንድ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በሜይ መጨረሻ ለፓድሬስ መክፈል ስላቆመ ሊጉ ስርጭቱን በአንድ ሌሊት ተረከበ። ውጤቱ ሁለት ገጽ አለው። የፓድሬስን ጨዋታ ማየት የሚችሉት ቤቶች ከ1.1 ሚሊዮን ገደማ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሲያድጉ፣ ቡድኑ ለዚያ ዓመት ከሊጉ የተረጋገጠለት ከቀድሞው ገቢ 80 በመቶው ብቻ ነው። ደጋፊው አገኘ፣ ካዝናው ጎደለ።

የጎደለው ገንዘብ ሜዳው ላይ ይታያል። ሚኒሶታ ትዊንስ በ2023 የ18 ተከታታይ የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ሽንፈቱን ሰብሮ፣ ከ2002 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥሎ ማለፍ ዙር ባለፈ ማግስት የተጫዋቾች ደመወዝ ወጪውን 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቀነሰ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የቴሌቪዥን ገቢው እርግጠኛ አለመሆኑ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የአካባቢ ገቢውን 48 በመቶ ወደ ጋራ ቋት ያስገባል፤ ይሁንና በዓመት 334 ሚሊዮን ያለውና አምስተኛውን እንኳ የማያገኘው ቡድን በዚህ እኩል አይሆኑም።

ቴክሳስ ሬንጀርስ ያገኘው መላ ለእኔ የሚሻለው ይመስለኛል። በ2025 የራሱን ቻናል አቋቁሞ ለኬብል፣ በኢንተርኔት ለዘመኑ 100 ዶላር ገደማ፣ 15 የዓርብ ጨዋታዎችን ደግሞ በነፃ ጣቢያ ለአንቴና አቀረበ። ዳላስ ያለ ቤተሰብ ምንም ሳይከፍል 15 ጨዋታ አይቶ ልጁ በእርግጥ ይወደው እንደሆነ ከለየ በኋላ መወሰን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይግዙ?

ልጁ ናሽናልስን ወይም ኦሪዮልስን የሚደግፍ፣ ማታ አብሮት የሚያይ ሰው ያለ ከሆነ የቡድኑን የቀጥታ አገልግሎት ይግዙ። የቡድንዎ ቻናል በሙግት ወይም በውል ለውጥ ላይ ከሆነ ለዘመኑ በአንድ ጊዜ አይክፈሉ፤ ጥቂት ዶላር ተጨምሮበትም ቢሆን በየወሩ መክፈል ይሻላል። ቻናሉ በመሃል ቢዘጋ የሚያጡት የአንድ ወር ብቻ ይሆናል። ኬብሉን ለሌላ ነገር የሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ አያት አብረው የሚኖሩበት ቤት፣ ኬብሉን ይያዝ፤ ነገር ግን ቻናሉ በየትኛው የጥቅል ደረጃ እንዳለ ደውሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ቤት የሚገባው እኩለ ሌሊት ላይ የሆነ ሰው በሊጉ ጥቅል አይከስርም። ሁለት ጥቅል ደርቦ መግዛትን ግን ለማንም አልመክርም፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው በኤፕሪል በጉጉት ተገዝቶ በጁላይ መረሳት ነው።

ገና ለመለመድ ለሚሞክር ቤተሰብ የምመክረው ከሬዲዮው መጀመር ነው። በሬገን አየር ማረፊያ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት የአገራችን ባለታክሲዎች መስኮታቸውን ከፍተው ያንኑ ጣቢያ ሲያዳምጡ አይቻለሁ፤ አንደኛው የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ሌላኛው ጣቱን እያጠፈ የኳሱን ቁጥር ያስረዳው ነበር፤ ሦስት ምት፣ አራት ኳስ። ተራው ሲደርስ ተሳፋሪውን ጭኖ ሄደ፤ ሬዲዮውን አላጠፋውም።